ከታፔላው ፊደል ሥር

መስከረም 21

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከርመሃል አባዬ? እኔ ደህና ነኝ። ሳልጽፍ መቆየቴን አውቃለሁ። "ልጄ ጠፋች" እያልክ "ቀስ በል" በምንለው ሹፌር ላይ ስትጮህበት እንደሰነበትክ ራሱ ነግሮኛል። እሱ ምን አጠፋ? ከእናንተ ዘንድ ፖም ጭኖ እዚህ ፋብሪካ ያራግፋል፣ ደብዳቤ ከሰጠሁት ይወስዳል፣ ካልሰጠሁት ከየት ያመጣል? ስልክ ብትወድ ኖሮ በየቀኑ ድምፄን ትሰማ ነበር። "በስልክ የተወራ ነገር ተመልሶ አይነበብም" የምትል አንተ ነህ።

ስለ ሥራዬ ለጠየቅኸኝ፣ የለም፣ ወንበር ላይ ተጎልቶ ቴሌቪዥን ማየት አይደለም። እንዲህ ነው። ፖሙ ታጥቦ በጎማ ቀበቶ ላይ እየተንከባለለ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያልፋል። ሳጥኑ ውስጥ ካሜራ አለ። ይህ ካሜራ እኛ የምናየውን ብርሃን አያይም። ከቀዩ ወዲያ ያለውን፣ ዓይናችን የማይደርስበትን ብርሃን ነው የሚያየው። አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ ይሉታል። አንተ እንደመሰለህ የሰውን ትኩሳት የሚለካው አይደለም፣ ያ ሌላ ነው። ይኸኛው ልክ እንደ ዓይን ከነገሩ ላይ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ይቀበላል።

አንድ ቀይ፣ እንከን የማይወጣለት ፖም ይመጣል እንበል። በእጄ አገላብጬ ባየው ምንም የለበትም። በካሜራው ሳየው ግን ጉንጩ ላይ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር አለች። ከመኪና ሲወርድ ተመትቷል። ቆዳው ገና አልሰማም፣ ሥጋው ግን ውስጥ ውስጡን ውሃ አቁሯል። ውሃ ደግሞ በዚህ ካሜራ ፊት ጥቁር ነው። በብርጭቆ የቀዳሁት ንጹሕ ውሃ ጥቁር ሆኖ ሲታየኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የአለቃዬ የኢንጂነሯ ጥቁር ካፖርት ደግሞ ነጭ ነው። የሁላችንም ፊት ይጠቁራል፣ ፀጉራችን ይነጣል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ የውሃ ብርጭቆዬን ዝም ብዬ ሳየው አመሸሁ። ለካስ እስከ ዛሬ ያየሁት የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው።

እናቴ ምን ትመስል እንደነበረ ለስንተኛ ጊዜ ስጠይቅህ "ሰው" ብለህ መልሰህልኛል። እግዜር ይስጥልኝ! ያቺ አንዷ ፎቶዋ፣ ቤቱን ውሃ ሲያጥለቀልቀው ታጥባ ነጭ ወረቀት ከሆነች ወዲህ ሰው መምሰሏን እንኳ የሚነግረኝ አንተ ብቻ ነህ። ስትወልደኝ አረፈች። ሰው ሁሉ የእናቱን ፊት ያውቃል፣ እኔ የማላውቀውን ፊት እናፍቃለሁ። ዕድሜ ልክህን ብሩሽ የያዝክ ሰው አንዴ እንኳ አልሳልካትም? "እኔ ፊደል እንጂ ፊት አላውቅም" የምትለውን ደግሞ እንዳትደግምብኝ።

በነገራችን ላይ ፊደልህ ምን ነካው? አንድ ገጽ ላይ ስድስት መስመር! ደብዳቤ ነው ታፔላ?

ልጅህ

ጥቅምት 9

ለመርማሪዋ ልጄ፣

እኔ ምን እሆናለሁ፣ ድንጋይ ነኝ። ፊደሌ ተለቀ ብለሽ ትጮሂያለሽ። ሱቁ ውስጥ ያለው ወፍራም እስክሪብቶ ብቻ ነው። ደግሞስ ሰው ከመንገድ ማዶ ሆኖ እንዲያነበው ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አንቺ ደግሞ ከመንገድ ማዶም ትርቂያለሽ።

የውሃው ነገር ገርሞኛል። ቀስ በል ሁለት ጊዜ አንብቦልኛል። እጄ ላይ ቀለም ስለነበረ ነው ያስነበብኩት፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ያ ፖም የመታው ሰው አያውቅም፣ የገዛው ሰው አያውቅም፣ እሱ ግን ውስጡን ይዞ ይኖራል። ይኼን ነገር ሳስብ ዋልኩ።

የመንገድ ሰዎች መጥተው በራፌን ለኩ። መንገዱ ይሰፋል አሉ። ከደጅ የተንጠለጠለ ሁሉ ይነሳል፣ ታፔላዬም ጭምር። "ማንኛውም ጽሑፍ በጥራት ይጻፋል" የሚለውን ነው፣ ሥር ቆመሽ ማንበብ የተማርሽበትን። አሁን ሁሉም ፕላስቲክ ላይ ያትማል። ብሩሽ የሚጠራው የለም፣ እኔም ጥሩኝ አላልኩም።

እናትሽን በሚመለከት ያልኩትን ብያለሁ።

ያ ካሜራ ፖም ብቻ ነው የሚያየው? ለጨዋታ ነው የጠየቅኩሽ።

አባትሽ

ኅዳር 3

ይድረስ ለአባዬ፣

ሰላም ነህ? በፖም ሳጥን ውስጥ የላክሃት ብጣሽ ወረቀት ደርሳኛለች። ከመድረሷ በፊት ግን ጉድ ሠርታለች። "ቀለም ሥር ያያል ወይ?" የሚለውን በዚያ ፊደልህ ያዩት ሠራተኞች የሆነ ማስጠንቀቂያ መስሏቸው ሳጥኑን ለይተው አቁመው፣ ወረቀቷን ለኢንጂነሯ አደረሱላት። እሷ አነበበች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቁማ "አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?" አለችኝ። አስቸጋሪ አልኳት።

መልሱ አዎ ነው። እሷ እዚህ ከመምጣቷ በፊት የጥንት ሥዕል በሚመረመርበት ቤት ሠርታለች። ብዙው ቀለም ይህን ብርሃን ያሳልፋል አለችኝ። ከሰል ግን ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሰዓሊው ከመቀባቱ በፊት በከሰል የነደፈው ነገር ከቀለሙ ሥር ጥቁር ሆኖ ብቅ ይላል። ሐሳቡን ቀይሮ ያዞረው እጅ፣ የተወው ፊት፣ ሁሉም። ሁለት ነገር ግን ይከለክላል። ቀለሙ እጅግ ከወፈረ አይሆንም። ከላይ ያለው ጥቁር ቀለም ደግሞ ከጥላሸት የተሠራ ከሆነ፣ እሱም እንደ ከሰሉ ብርሃኑን ስለሚውጥ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ሱቅ የሚሸጠው ጥቁር አብዛኛው እንደዚያ ነው አለች።

ከዚያ ይበልጥ ልታስደንቀኝ ፈልጋ አንድ ሳህን አመጣች። ሲሊከን ነው፣ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሠራበት። አብለጭላጭ ብረት ይመስላል፣ ፊትህን እንደ መስታወት ያሳይሃል። እጇን ከኋላው አደረገች። በካሜራው ሳየው ሳህኑ የለም! ጣቷ ላይ ያለችው ቀለበት ጥርት ብላ ታየችኝ። ጮህኩ። ቀጥላ ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ከፋብሪካው ማዶ ያለውን ኮረብታ ሁልጊዜ ጉም የመሰለ ብናኝ ስለሚሸፍነው አንድም ቀን በወጉ አይቼው አላውቅም ነበር። በካሜራው ጫፉ ላይ ያለው ዛፍ ሳይቀር ይቆጠራል። በዓይኔ ስመለከት ብናኝ ብቻ ነው።

አሁን ተራዬ ነው። ለምን ጠየቅኸኝ? ቀለም ሥር ምን አለህ? ጥቁርህንስ ከምንድን ነው የምትሠራው?

ልጅህ

ኅዳር 20

ለልጄ፣

ጥቁር ቀለም ገዝቼ አላውቅም። የሱቅ ጥቁር ሙት ነው። የኔ ጥቁር ከሰማያዊና ከቡኒ ነው የሚደባለቀው። ባልንጀሮቼ "ጥቁር በቆርቆሮ እያለ ይሄ ሰውዬ ምን ያደክመዋል?" እያሉ ሲስቁብኝ ኖሩ። ሽፋኔም ስስ ነው፣ ስስታም የሚሉኝ ለዚህ ነው። እስቲ አሁን ይሳቁ።

ታፔላውን አውርጄዋለሁ። ቤቱ ውስጥ ማቆሚያ ስለሌለኝ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በቀስ በል ልኬልሻለሁ። ስሙን ለፍጥነቱ ነው ያወጣንለት፣ ዛሬ ግን እውነትም ቀስ እንዲል አስምዬዋለሁ። ተቀብለሽ አስቀምጪልኝ። ከፈለግሽ አቧራውን ጥረጊለት። ከፈለግሽ ደግሞ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ። ለምን ለምን አትበዪኝ።

ያየሽውን ጻፊልኝ። ቶሎ ጻፊልኝ።

አባትሽ

ታኅሣሥ 5

ለአባቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ታፔላው በደህና ደርሷል። ቀስ በልን አመስግነው።

ትናንት ማሽኑ ለጽዳት ቆሞ ስለነበር ኢንጂነሯ ፈቀደችልኝ። ታፔላውን ቀበቶው ላይ አጋድመን መብራቱን አበራን። መጀመሪያ ፊደሉ ጠፋ። "ማንኛውም" ብሎ ማንበብ ያስተማርከኝ ፊደል ሳሳ፣ ሳሳና የለም ሆነ። ሥሩ ሌላ ፊደል ነበረ፣ እሱም ሄደ። ከዚያ ከነጩ መደብ ውስጥ የከሰል መስመር መጣ፣ ዓይን ሆነ፣ ፊት ሆነ። እናቴ ናት ብዬ ወደ ምስሉ ተጠጋሁ።

ከጎኗ ሌላ መጣች። ከዚያ ሌላ። አራት ሴቶች ናቸው አባዬ! አንዷ ገና ልጅ እግር ናት። አንዷ ፊቷ ሞላ ያለ ነው። አንዷ ኮስተር ያለች እመቤት። አራተኛዋ ጉንጯ ወረድ ብሏል፣ ዓይኖቿ ሥር ተሸብሽቧል።

ፊት አላውቅም ያልከው አንተ ነህ! እኔ አንዲት ፊት እየለመንኩ ስኖር አንተ በራፍህ ላይ አራት ሴት አኑረህ ከላያቸው "በጥራት ይጻፋል" ትላለህ። እናቴ የትኛዋ ናት? ከውስጣቸውስ አለች? ሌሎቹስ ማን ማን ናቸው? ባል የሞተባት ሚስት የሞተበት ሌላ ያያል፣ እሱን አልፈርድብህም። የቆጨኝ መደበቅህ ነው። ለእኔ ለልጅህ "ሰው ትመስላለች" እያልክ መቀለድህ ነው።

ኢንጂነሯ ሦስተኛዋን ሴት አይታ ወደ እኔ ዞር ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች አልነግርህም፣ ተናድጃለሁ።

ልጅህ

ታኅሣሥ 19

ልጄ፣

ቁጣሽ ደርሶኛል። ይገባኛል። አቆጣጠርሽ ግን ተሳስቷል። አንዲት ሴት ናት።

የመጀመሪያዋን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ነው የሳልኳት። ቤቱን ገና መከራየታችን ነበር፣ ታፔላው ባዶ ጣውላ። አንቺን አርግዛለች፣ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጣ ተቀምጣለች፣ "ፊቴን በር ላይ ልትሰቅል ነው? ገበያህን ልታባርር ነው?" ትለኛለች። አንቺ መጣሽ፣ እሷ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያቺን ጣውላ ማየት አልቻልኩም። መፋቅም አልቻልኩም። ነጭ ቀባሁባትና ፊደል ጻፍኩበት። ጎረቤቱ "ጀግና ነው፣ ወደ ሥራው ተመለሰ" አለ።

ፀሐይ ፊደሉን ስትበላው ማደስ ግድ ሆነ። ነጩን እንደገና ቀብቼ ደርቆ ሳየው፣ ከሰሉ እጄ ላይ ነበረ። አሁን ብትኖር እኮ እንደዚያ አትሆንም አልኩ። እኔ ብቻዬን እንዴት አረጃለሁ? ስለዚህ ከቀድሞዋ ጎን በዚያን ጊዜ በምትሆነው ዕድሜ ሳልኳት። አንድ ቀን ቤት ውስጥ አዋልኳት፣ ስለ አንቺ ትምህርት ነገርኳት፣ ጥርስሽ መውለቁን ነገርኳት። በማግሥቱ ሸፍኜ ፊደሌን ጻፍኩ። ታፔላውን ባደስኩ ቁጥር እንደዚያ አደረግሁ። ሰው ቢያየኝ አብዷል ይለኝ ነበር።

ሌላም አለ። ሦስተኛዋን ስስል ግንባሯ ጠፋኝ። አስብ፣ አስብ፣ የለም። አንቺ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅረሽ ታጠኚ ነበር። ግንባርሽን ወሰድኩ። በአራተኛዋ አፏ ጠፋኝ፣ ያንቺን ሰጠኋት። ስለዚህ ንጹሕ እናትሽ የመጀመሪያዋ ብቻ ናት። "ሰው ትመስላለች" ያልኩሽ ከዚያ በላይ የማውቀው ስላልቀረኝ ነው።

አሁን ለምን ላክኸው ብትዪኝ። አምስተኛ ጊዜ ደርሶ ነበር። ነጩን ቀባሁ፣ ከሰሉን አነሳሁ፣ ጣውላው ላይ ጭጋግ ብቻ። የደረቀ ቀለም ይሁን ዓይኔ ይሁን አልገባኝም። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ የዓይን ነርቭ ነው፣ የሞተው አይመለስም አለኝ። የቀድሞውን ፊደል በእጄ ልማድ ደግሜ ጻፍኩበትና ሰቀልኩት። የፊደሌ መተለቅ የእስክሪብቶ ጉዳይ አይደለም ልጄ፣ ይኼንንም የምጽፈው መስመሩን በጣቴ እየለካሁ ነው። ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪብኝ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ያ ካሜራ ያልታየውን ያያል ስትዪኝ ግን ከእኔ ጋር ከምትጠፋ አንቺ ዘንድ ትሁን አልኩ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የመጀመሪያዋ ትስቃለች? እየሳቀች ነበር። ሳቋን ይዤው እንደሆነ አላስታውስም።

አባትሽ

ጥር 2

ይድረስ ለውዱ አባቴ፣

ይህን ቀስ በል እንደሚያነብልህ አውቃለሁ። ቀስ በል፣ እባክህ ስሜት ጨምረህ አንብብለት፣ ደግሞ ቀስ በል።

ይቅር በለኝ አባዬ። ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ስለ ዓይንህ አለቅሳለሁ፣ ስለ ደበቅኸኝም እቆጣሃለሁ፣ ሁለቱንም ስመጣ ፊት ለፊት አደርገዋለሁ።

ያን ቀን ቸኩዬ የጣውላውን የላይኛውን ግማሽ ብቻ ነበር ያነሳሁት። ፊቶቹን እንዳየሁ ተናድጄ መብራቱን አጠፋሁ። ትናንት እንደገና፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ ብለን አነሳነው። ሠራተኞቹ ማሸጊያውን ትተው ከኋላዬ ቆሙ።

አዎ፣ ትስቃለች። የታችኛው ከንፈሯ ወደ ግራ ዝቅ ብሏል፣ ሳቋን ልትይዘው ስትል አምልጧት ነው። ግራ ዓይኗ ከቀኙ ትንሽ ጠበብ ብሏል። አንገቷ ረዥም ነው፣ አንዲት ፀጉር ከማሰሪያዋ አምልጣ ጆሮዋ ላይ ወድቃለች፣ አንተ እሷን እንኳ አልተውካትም። ሳቋን ይዘኸዋል አባዬ! ማንም ሰው እንዲህ አድርጎ ሌላውን ሰው አይቶ አያውቅም እላለሁ።

ታች፣ "ይጻፋል" በሚለው ሥር፣ እጇ አለ። ሆዷ ላይ ነው። ያ እኔ ነኝ። እኔና እናቴ አንድ ላይ የተሳልንበት ሥዕል በራፋችን ላይ ነበረ፣ እኔ ሥሩ ቆሜ ፊደል እቆጥር ነበር።

ኢንጂነሯ ያን ጊዜ ያለችኝን አሁን ልንገርህ። "ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ" ነበር ያለችው። አላመንኳትም። ሌላም ነገር ዛሬ ነገረችኝ። ይህ ካሜራ የሚያየው ብርሃን አዲስ ነገር አይደለም። ከፀሐይ ብርሃን ጋር አብሮ የሚወርድ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ዓመት፣ በየጠዋቱ ፀሐይ በራችን ላይ ስትወጣ፣ ብርሃኗ ፊደሉን አልፎ፣ ነጩን አልፎ፣ የእናቴን ፊት እየዳሰሰ ይመለስ ነበር ማለት ነው። አልተሸፈነችም ነበር አባዬ። የጎደለው የሚያያት ዓይን ብቻ ነበር። ያንተ ደግሞ ሳያያትም ያያት ነበር።

በትልቁ አሳትሜ ይዤልህ እመጣለሁ። ባታየውም በጣትህ እየመራሁ አሳይሃለሁ።

የማከብርህና የምወድህ ልጅህ

ጥር 11

ለመርማሪዋ ልጄ፣

ፊደሉ ስላነሰ አትደንግጪ፣ እኔ እየተናገርኩ ቀስ በል ነው የሚጽፈው። (እኔ ቀስ በል ነኝ እህቴ። ሰላም ብያለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብላቸው ሁለት ቦታ ላይ ዓይኔን ልጠርግ ቆሜያለሁ፣ አባትሽ ግን "አንብብ እንጂ፣ ምን ያንተን እናት መሰለችህ" ብለውኛል።) ይኼን አትጻፍ ብዬው ጽፎታል።

ሳቋን መያዜን ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ደህና ነው።

ለኢንጂነሯ ከእኔ ምስጋና አድርሺልኝ። ባልንጀሮቼን ደግሞ ሰብስቤ ስለ ጥቁሬ ነግሬያቸዋለሁ። የሳቀ አልነበረም።

አሁን ስሚኝ። ስትመጪ የታተመውን ብቻ ሳይሆን ጣውላውንም ይዘሽ ነይ። ከአራተኛዋ ቀጥሎ በስተቀኝ በኩል ቦታ አለ፣ በእጄ ለክቼ ነበር የተውኩት። ስድሳ ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። ከሰሉን አንቺ ትይዣለሽ፣ እኔ ክንድሽን እይዛለሁ። መሳል አልችልም እንዳትዪኝ፣ እኔም ፊት አላውቅም እያልኩ ነው የኖርኩት። ሲጠፋሽ መስታወት እይ፣ ግንባሩም አፉም እዚያው አለ። ሳቁን ከመጀመሪያዋ ትወስጃለሽ።

ደጅ ላይ አንሰቅለውም፣ ደጅም የለንም። ከአልጋዬ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ሚስማር መትቻለሁ። (አባትሽ አውራ ጣታቸውን መትተዋል፣ ይኼንንም አትጻፍ ብለውኛል።)

ከሰሉ ተዘጋጅቷል። ነጭ ቀለሙን ግን ለጎረቤታችን ለአናጢው ሰጥቼዋለሁ።

አባትሽ